ዲስኮግራፊ እንዴት ይሠራል? ከጅማ የካሴት መሳቢያዎች ለሚጀምር ሰው ዝርዝር መመሪያ

ዲስኮግራፊ ማለት የተቀዱ የሙዚቃ ሥራዎች ሥርዓት ያለው ዝርዝር ነው። ማን ዘፈነው? ማን አጀበው? መቼና የት ተቀዳ? ማን አሳተመው? በሸክላ ነው በካሴት? ቁጥሩስ ስንት ነው? ለአንድ ዘፋኝ፣ ለአንድ ባንድ፣ ለአንድ ሙዚቃ ቤት ወይም ለአንድ አካባቢ እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ዝርዝር ዲስኮግራፊ ይባላል። ሥራውን የሚሠራው ሰው ደግሞ ዲስኮግራፈር ነው። ከጭፈራው ዲስኮ ጋር አይምታታባችሁ። እዚህ ላይ ዲስክ የተባለው ሸክላው ነው፤ ዛሬ ግን ካሴቱም፣ ሲዲውም፣ በስልክ የሚሰማውም ነጠላ ዜማ በዚሁ ስም ይመዘገባል።

የዘፋኙ የሕይወት ታሪክ፣ ኮንሰርቶቹ፣ የሬዲዮ ቃለ ምልልሶቹና የግጥም ስብስቡ ዲስኮግራፊ ውስጥ አይገቡም። መድረክ ላይ ተዘፍኖ ያልተቀዳ ዘፈንም ቦታ የለውም። ተቀድቶ ያልታተመ ከሆነ ግን ይገባል። "ያልታተመ" ብላችሁ ትጽፉበታላችሁ።

ሙያው የጎለበተው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በጃዝ ወዳጆች እጅ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ደሎኔ በ1936 ያሳተመው የጃዝ ዲስኮግራፊ ከፈር ቀዳጆቹ አንዱ ነው። የዚያን ጊዜ ሸክላዎች የባንዱን መሪ ስም ብቻ ይዘው ይወጡ ነበር። መለከቱን የነፋው ማን ነው? ፒያኖው ላይ የነበረውስ? ሰብሳቢዎቹ ይህን ለማወቅ ሲሉ ቁጥር ከቁጥር እያመሳከሩ፣ ሙዚቀኞቹን እየጠየቁ መመዝገብ ጀመሩ።

የኛም ጥያቄ ይኸው ነው። የድሮ ካሴቶቻችን ሽፋን ላይ የድምፃዊው ፎቶ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ግጥም፣ ዜማና ቅንብር የማን እንደሆነ በደቃቃ ፊደል ይጻፋል፣ እሱም ከተጻፈ ነው። ከሥሩ "በሮሃ ባንድ የታጀበ" ይልና ያበቃል። ቤዙን የመታው ሰው ስም የለም። ያን ስም ፈልጎ ቦታው ማስቀመጥ ለሙዚቀኛው ልንከፍለው የሚገባ ዕዳ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከጅማ መጀመር ለምን?

የታወቁት የአዲስ አበባ ሸክላዎች ጠያቂ አግኝተዋል። ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የሠራው የአምሃ ሪከርድስ ሥራዎች፣ የካይፋ ሸክላዎች፣ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች እጅ ሳይቀር ተዘርዝረዋል። ጅማ ውስጥ በየቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ባለው መሳቢያ ያለው ካሴት ግን ዘርዛሪ የለውም። የአፋን ኦሮሞው፣ የዳውሮው፣ የከፋው፣ የየም ሙዚቃው፣ በኪነት ዘመን የተቀዳው፣ በሠርግ ላይ በቴፕ የተያዘው። በጥቂት ቅጂ የወጣ ነገር ሲጠፋ ጨርሶ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው። ሌላው የሠራውን ከመድገም፣ በእጃችሁ ካለውና የትም ካልተጻፈው ጀምሩ።

የመጀመሪያው ሥራ፦ ድንበር ማበጀት

"የጅማን ሙዚቃ በሙሉ" ብሎ የተነሳ ሰው ሁለተኛው ሳጥን ላይ ይደክማል። ጠበብ አድርጉት። አንድ ድምፃዊ፣ አንድ ባንድ፣ ወይም "በአንድ ቤተሰብ እጅ ያሉ የአፋን ኦሮሞ ካሴቶች" ይበቃል። ድንበሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስቀምጡት። ከየትኛው ዓመት እስከ የትኛው? ሸክላና ካሴት ብቻ ነው ወይስ ሲዲም ይጨምራል? ከአዲስ አበባ የመጣ ካሴት ይገባል? ዛሬ ካልወሰናችሁ ነገ በእያንዳንዱ ካሴት ላይ ትከራከራላችሁ።

ሦስቱን ነገሮች መለየት

ጀማሪን ሁሉ የሚያምታታው ይህ ክፍል ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ዜማውና ግጥሙ። ሁለተኛው ቀረጻው ነው፤ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ፣ በተወሰኑ ሙዚቀኞች የተያዘው ድምፅ። ሦስተኛው ኅትመቱ ነው፤ በእጅ የሚያዘው ሸክላ ወይም ካሴት። አንድ ድርሰት ብዙ ቀረጻ ሊኖረው ይችላል። አንድ ቀረጻም በብዙ ኅትመት ሊወጣ ይችላል።

ምሳሌ ለማግኘት ከጅማ መውጣት አያስፈልገንም። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚሁ ጅማ ነው። የፈረንሳዩ ቡዳ ሙዚክ "ኢትዮፒክስ" በሚለው ተከታታይ ኅትመቱ አራተኛውን ቁጥር ለሙላቱ ሥራዎች ሰጥቷል። ሲዲው የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። ሽፋኑ ላይ ግን ከ1969 እስከ 1974 ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። የኋለኛው ቀረጻዎቹ የተሠሩበት ዘመን ነው፤ የፊተኛው ሲዲው የታተመበት። "ዓመት" የሚል አንድ አምድ ብቻ ያዘጋጀ ሰው እዚህ ላይ ይጣበቃል። ወይ 1998 ብሎ ጽፎ የሙላቱን ወጣትነት ያስረጀዋል፣ ወይ 1969 ብሎ ያኔ ያልነበረ ሲዲ ይፈጥራል። ስለዚህ ሁለት አምድ አዘጋጁ፦ "የተቀዳበት" እና "የታተመበት"። የተቀዳበትን ካላወቃችሁ ባዶ ይሁን። ባዶ ቦታ አያሳፍርም።

ካሴቱን ማግኘትና መያዝ

ከዘመድ ቤት ጀምሩ። ከዚያ መርካቶ ሂርማታ አካባቢ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ መንደራ እያላችሁ ድሮ ካሴት ቤት የነበራቸውን ሰዎች አጠያይቁ። የቴፕና የሬዲዮ ጠጋኞችን እንዳትረሱ። ያልተመለሰ ካሴት በውስጡ የቀረበት ቴፕ ብዙ ጊዜ እነሱ ጋ ይገኛል።

አነጋገር ወሳኝ ነው። ሽማግሌው ካሴታቸውን የሚነጥቃቸው የመጣ ከመሰላቸው መሳቢያው አይከፈትም። እንዲህ በሏቸው፦ "ጋሼ፣ ካሴቱን ይዤ አልሄድም። እዚሁ እርስዎ ፊት ሽፋኑን ፎቶ አነሳለሁ፣ ጽሑፉን እገለብጣለሁ፣ መልሼ እርስዎ እጅ አስቀምጣለሁ።" ያሏችሁን ደግሞ አክብሩ። ቡና ከቀረበ አትቸኩሉ፤ ወሬው የሚመጣው ሁለተኛው ሲኒ ላይ ነው። የባለቤቱን ስም ከነፈቃዱ በግል ደብተራችሁ ብቻ ያዙት፣ ለሕዝብ የሚወጣው ዝርዝር ላይ አይግባ።

የጅማ አየር እርጥብ ነው፤ ክረምቱም ይረዝማል። ካሴት ደግሞ እርጥበት አይወድም። ከመክፈታችሁ በፊት በመስኮቷ በኩል የተጠቀለለውን ክር በብርሃን እዩት። ጠርዙ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለውን ካሴት ቴፕ ውስጥ አትክተቱት። ክሩ ሊበጠስ ይችላል፣ ሻጋታውም የቴፑን ራስ አበላሽቶ ወደሚቀጥለው ካሴት ይተላለፋል። ለይታችሁ በላስቲክ አስቀምጡትና ሽፋኑን ብቻ መዝግቡ።

ደህናውን ካሴት ከማጫወታችሁ በፊት የላላውን ክር በቢክ እስክሪብቶ ቀስ እያላችሁ ጠቅልሉት። ቀጥሎ የካሴቱን ጀርባ ተመልከቱ። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ምላሶች አሉ። ካልተሰበሩ ሰብሯቸው፣ በባለቤቱ ፈቃድ። ምላሱ የሌለው ካሴት ላይ መቅጃው ቁልፍ አይጫንም፤ በስህተት ተደምስሶ የሚጠፋ ድምፅ አይኖርም። ካሴቶቹን አቁማችሁ ደርድሩ፤ ከትልቅ ስፒከር አጠገብ አታስቀምጡ። ውስጡ ማግኔት ስላለ ድምፁን ይጎዳል። ሸክላ ከሆነም በጠርዙና በመሐሉ ወረቀት ያዙት፤ ጣታችሁ መስመሩን አይንካ። ደራርባችሁ አታስተኙት፣ ይጎብጣል።

ያያችሁትን ጻፉ

የዚህ ሁሉ መመሪያ ዋና ነገር ይህ ነው። የምታውቁትን ሳይሆን መጀመሪያ ያያችሁትን ጻፉ። ዕቃው ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጡ፣ የፊደል ስህተቱን ጭምር። የራሳችሁን እርማትና ተጨማሪ ወሬ በማዕዘን ቅንፍ አድርጉት። ከዓመታት በኋላ የሚያነበው ሰው የትኛው የካሴቱ፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ መለየት አለበት።

የሙላቱን የ1972 ሸክላ ብንመዘግብ እንዲህ ይሆናል፦

መለያ፦ ጅማ-0001
አርቲስት፦ ሙላቱ አስታጥቄ
ርዕስ፦ ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ
ዓይነት፦ ሸክላ፣ ኤልፒ፣ በደቂቃ 33⅓ ዙር
አሳታሚ፦ ወርዚ፣ ኒውዮርክ
የታተመበት፦ 1972 እ.ኤ.አ. [1964/65 ዓ.ም.]
የተቀዳበት፦ ቦታው ኒውዮርክ፣ ዓመቱ ባዶ
የአሳታሚው ቁጥር፦ (ከመሐል ወረቀቱ ላይ ተገልብጦ)
የተቀረጸ ቁጥር፦ (ከመሐል ወረቀቱ ዙሪያ ካለው ባዶ ቀለበት ላይ)
ዘፈኖች፦ በየፊቱ፣ በተራቸው፣ ከነርዝመታቸው
ሙዚቀኞች፦
ሁኔታ፦
ማስታወሻ፦

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ቁጥሮች ብዙ ሰው ያልፋቸዋል። የአሳታሚው ቁጥር አሳታሚው ለኅትመቱ የሰጠው ነው። የአምሃ ሸክላዎች ቁጥር በ"ኤ ኢ" ፊደላት ይጀምራል፣ የካይፋዎቹ በ"ኬ ኤፍ"። ቁጥሮቹን ስትደረድሯቸው የጎደለው ይታያችኋል። 11 እና 13 ካላችሁ 12ን ፈልጉ። የተቀረጸው ቁጥር ደግሞ ሸክላው ላይ ዜማው አልቆ መርፌው በሚቆምበት ባዶ ቀለበት ላይ ተጭሮ ይገኛል። መብራት በአግድም አብሩበት፣ በስልክ አጉልታችሁ አንሱት። ሽፋኑ ቢቀየር፣ የመሐሉ ወረቀት ቢላጥ እንኳ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

ካሴት ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም ማለት ይቻላል። በምትኩ ሦስት ነገር አጣሩ። ሽፋኑ በማተሚያ ቤት የታተመ ነው ወይስ ፎቶ ኮፒ? ካሴቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ከሽፋኑ ጋር ይገጥማል? ውስጡ ያለው ዘፈንስ ሽፋኑ የሚለው ነው? የመጨረሻው በመስማት ብቻ ነው የሚታወቅ። ሳጥንና ካሴት ተቀያይሮ መገኘቱ የተለመደ ነው። የአንዱ ድምፃዊ ሥራ ሲያልቅ በተረፈው ክር ላይ የሌላ ሰው ዘፈን ተሞልቶ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ሲ-60 ካሴት በእያንዳንዱ ፊት 30 ደቂቃ ይይዛል፣ ሲ-90 ደግሞ 45። አልበሙ አጠር ካለ ሻጩ ክፍተቱን ይሞላዋል። ይህንንም "በመጨረሻ የተጨመረ" ብላችሁ መዝግቡ።

የዓመተ ምሕረት ጉዳይ

ሽፋኑ ላይ 1985 ካለ የኛ አቆጣጠር ነው ወይስ የፈረንጅ? በአማርኛ የተጻፈ የአገር ውስጥ ካሴት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የኛ ነው። እንዳለ ገልብጡና ጎኑ በቅንፍ መልሱት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ይደመራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ጳጉሜን 8። ጥቅምት 1985 ዓ.ም. ማለት በ1992 ነው፣ ሚያዝያ 1985 ማለት ግን በ1993። ወሩን ካላወቃችሁ 1992/93 ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ውጭ አገር በወጡ ዝርዝሮች ላይ አንድ ካሴት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቶ ካገኛችሁት መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ዓመት ያልተጻፈበት ካሴትም ይናገራል። የአሳታሚውን አድራሻ አንብቡ። ጅማ "ከፋ ክፍለ ሀገር" ተብሎ ከተጻፈ የደርግ ዘመን ነው። "ጠቅላይ ግዛት" ካለ ከዚያ በፊት። የስልክ ቁጥሩን ቁጠሩ። የአገራችን ስልክ ወደ 10 አሃዝ ያደገው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ስድስት አሃዝ ብቻ ያለው የአዲስ አበባ ስልክ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ሽፋንን ያመለክታል። የአፋን ኦሮሞ ካሴት ከሆነ ፊደሉን እዩ። ቁቤ በይፋ ሥራ ላይ የዋለው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ቀደም ያሉት የአገር ውስጥ ሽፋኖች በግዕዝ ፊደል ነበር የሚጻፉት። እነዚህ ሁሉ ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደሉም። የድሮ ሽፋን በብዛት ታትሞ ለዓመታት ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ "ከ1984 በኋላ?" ብላችሁ ከነጥያቄ ምልክቱ ጻፉ።

ስምና ፊደል

በውጭ የመመዝገቢያ ሥርዓት ስም በቤተሰብ ስም ይደረደራል። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። ሙላቱ "ሙ" ሥር እንጂ "አ" ሥር አይፈለግም። አስታጥቄ አባቱ ናቸው። የኮምፒውተር ቅጽ በግድ ከፍላችሁ አስገቡ ቢላችሁ እንኳ ድርደራው በራሱ ስም እንዲሆን አድርጉ።

ቀጥሎ ሞክሼ ፊደላት ይመጣሉ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰ እና ሠ። አ እና ዐ። ጸ እና ፀ። አንዱ ሽፋን ዓሊ ቢራ ይላል፣ ሌላው አሊ ቢራ፣ የቁቤው ደግሞ በራሱ አጻጻፍ። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ያደርጋቸዋል። መፍትሔው ሁለት አምድ ነው። በአንዱ ሽፋኑ ላይ እንዳለ፣ በሌላው እናንተ የመረጣችሁት አንድ ወጥ አጻጻፍ። ፍለጋና ድርደራ በሁለተኛው ይሁን።

የዘፈን ርዕስም እንዲሁ ነው። ቅድም ባነሳነው የሙላቱ ሸክላ ላይ አንድ ርዕስ በላቲን ፊደል ተገጣጥሞ እንደ አንድ ቃል ተጽፏል። ቃል በቃል ለማንበብ የሞከረ ፈረንጅ ምላሱ ይተሳሰራል። ጮክ ብሎ ላነበበው ሐበሻ ግን ሠርግ ላይ ያደገበት "ኩሉን ማን ኳለሽ" ነው። ሁለቱንም ጻፉ። የላቲኑን ካልያዛችሁ ሸክላውን የሚፈልግ አያገኘውም። የአማርኛውን ካልያዛችሁ ዜማው የማን ባህል እንደሆነ ይጠፋል። ዳውሮኛ፣ ከፊኛና የምኛ ርዕሶች ላይ ግን በግምት አትጻፉ። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፊት ቁጭ ብላችሁ አስነብቡት።

ታየ፣ ተነገረ፣ ተገመተ

ከእያንዳንዱ መረጃ ጎን ከየት እንደመጣ አመልክቱ። እኔ የምመክረው ሦስት ምልክት ነው። "ታ" ማለት ዕቃው ላይ ታየ። "ነ" ማለት ሰው ነገረን። "ገ" ማለት እኛ ገመትን። ኪቦርዱን ማን እንደተጫወተ አንድ የድሮ ሙዚቀኛ ከነገራችሁ "ነ" ነው፤ ሙዚቀኛው የተከበረ ቢሆንም "ታ" አይሆንም። ሁለት ሰው ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ስም ከጠሩ ይህንንም ጻፉ። ካልተስማሙ ሁለቱንም አስቀምጡ። የምትጠይቁትንም አትምሩት። "ኪቦርዱ የእገሌ ነው አይደል?" ካላችሁ "አዎ" ይሏችኋል። "ኪቦርዱ ላይ ማን ነበር?" በሏቸው።

ደብተሩ፣ ፎቶው፣ ኮምፒውተሩ

በደብተር ጀምሩ፣ ማታ ኤክሴል ላይ ገልብጡ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የማይደገም መለያ ስጡ። የፎቶዎቹን ስም በዚያው መለያ ሰይሙ፦ ጅማ-0001 ፊት፣ ጅማ-0001 ጀርባ፣ ጅማ-0001 ውስጥ። ስልክ በራሱ የሚሰጠው ረጅም ቁጥር ከሳምንት በኋላ ምንም አይነግራችሁም። አንድ ቅጂ ፍላሽ ላይ፣ አንድ ቅጂ ኢሜላችሁ ላይ አኑሩ። ስልክ ይሰረቃል፣ ላፕቶፕ ይቃጠላል።

ለሰው ማድረስ

ኢንተርኔት ላይ የሚታወቁት ሁለት ቦታዎች ዲስኮግስና ሚዩዚክብሬይንዝ ናቸው። ሁለቱም ማንም ሰው በነፃ ተመዝግቦ እንዲጨምር ይፈቅዳሉ። ዲስኮግስ ኅትመቱን ነው የሚመዘግበው፤ ዕቃውን በእጃችሁ ሳትይዙ እንድታስገቡም አይፈቅድም። በወሬ የሰማችሁትን ካሴት እዚያ አታስገቡ። ሚዩዚክብሬይንዝ ድርሰትን፣ ቀረጻንና ኅትመትን ለይቶ ስለሚይዝ ከላይ ያልነውን ልዩነት በደንብ ያስተናግዳል። ሁለቱም የአማርኛ ፊደል ይቀበላሉ። አንድ የታተመ ቅጂ ደግሞ ጅማ ውስጥ ይቅር። ለዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ወይም ለጅማ ሙዚየም መስጠት ይቻላል።

ሕጉን በተመለከተ፣ ርዕስ፣ ስምና ቁጥር ዘርዝሮ ማውጣት ችግር የለውም። ድምፁን ገልብጦ ዩቲዩብ ላይ መጫን ግን ሌላ ነገር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን፣ ከዋኙንና አሳታሚውን ይጠብቃል። የሽፋን ፎቶም ባለቤት አለው። ድምፁን ከጥፋት ለማዳን በዲጂታል የምትገለብጡ ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ፤ ስምምነቱንም በወረቀት ያዙ።

ዝርዝሩን ስታወጡ መጀመሪያ ገጽ ላይ የወጣበትን ቀን፣ ያበጃችሁትን ድንበርና እርማት የሚላክበትን አድራሻ ጻፉ። እርማት ሲመጣ የድሮውን አትደምስሱ። ማን አረመው፣ መቼ አረመው፣ በምን ማስረጃ አረመው የሚለውን ከጎኑ ጨምሩና አዲሱን ቅጂ "2ኛ እትም" ብላችሁ አውጡ።